ነጭ ቅባትና የፀሐይ ቃጠሎ

ሰው ያላወቀውን ነገር ለመመርመር ይዘገያል፤ ለመንቀፍ ግን ይፈጥናል። ይህንን ቃል በራሴ ስሕተት ተምሬዋለሁና ስሕተቴን ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ። ለአንባቢም ሁለት ጥቅም ይሰጣል ብዬ አስባለሁ፤ አንደኛው የፀሐይን ጨረርና መከላከያውን ማወቅ ነው፤ ሁለተኛውም መምህር የሆነ ሰው ከመፍረዱ በፊት መጠየቅ እንደሚገባው ማስተዋል ነው።

በ2011 ዓ.ም. በጎጃም ደጋ ቅኔ በማስተምርበት ጉባኤ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበረ። ጠጉሩ እንደ ገለባ የነጣ፣ ቆዳው ስስና ቀይ፣ ዓይኑም ብርሃን የሚፈራ ነበረ። የአገሩ ሰው ለምጽ ነው እያለ ይሸሸው ነበር፤ ነገር ግን ለምጽ አይደለም። አልቢኒዝም የሚባል፣ በዘር የሚወረስ፣ ከሰው ወደ ሰውም የማይተላለፍ ነገር ነው። የሰውን ቆዳ የሚያጠቁረውና ከፀሐይ የሚጠብቀው ሜላኒን የተባለው ቀለም በእንዲህ ያለ ሰው ገላ ላይ ወይ የለም ወይ እጅግ ጥቂት ነው። ልጁ ፊደል ከሩቅ አያይም ነበር፤ ጆሮው ግን አንድ ጊዜ የሰማውን ቅኔ አይረሳም ነበር።

በታኅሣሥ ወር አንድ ጠዋት ተማሪዎቹ አኮፋዳቸውን አንግተው ቁራሽ ለመለመን ሲነሡ፣ ይህ ልጅ ፊቱን በነጭ ቅባት ለውሶ መጣ። ቅባቱን አዲስ አበባ የሚኖር አጎቱ ገዝቶ ልኮለት ኖሯል። ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔም፣ «ተማሪ ደበሎ ይለብሳል እንጂ ፊቱን አያሳምርም፤ ሂድና ታጠብ» አልሁት። እርሱም፣ «የኔታ፣ ለፀሐይ ነው» ብሎ ሊነግረኝ ጀመረ፤ እኔ ግን ነገሩን አላስጨረስሁትም። ታጥቦ ሄደ። ማታ ሲመለስ ፊቱና ጆሮዎቹ ተቃጥለው አብጠው ነበር፤ ሌሊቱንም ሲያቃስት አደረ።

በማግሥቱ የቅባቱን ዕቃ ይዤ ወደ ከተማ ወረድሁና ለአንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ አሳየኋት። እርስዋም ጽሑፉን አንብባ፣ «መሪጌታ፣ ይህ የውበት ቅባት አይደለም። በውስጡ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ ነው፤ የፀሐይን ጨረር የሚከላከል ማዕድን ነው። ለእንደዚህ ያለው ልጅ እንደ ልብስ ነው» አለችኝ። በዚያች ሰዓት ያፈርሁትን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የልጁን ልብስ በብርድ ቀን እንደ ገፈፍሁት ሆኖ ተሰማኝና።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ልመረምር ተነሣሁ። ዚንክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የብዙ ቤት ክዳን የሆነው ቆርቆሮ ብረት ሆኖ እንዳይዝግ የሚለበጠው በዚንክ ነው። ዚንክ በብርቱ እሳት ሲነድ በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ይዋሐድና ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ይህም ዚንክ ኦክሳይድ ይባላል። በጥንት ዘመን መዳብ የሚያቀልጡ ሰዎች ከምድጃቸው ግድግዳ ላይ እየፋቁ ይለቅሙት ነበር፤ ሐኪሞችም ለቁስልና ለዓይን መድኃኒት ያደርጉት ነበር። ዛሬም ለሕፃናት ገላ መላጥ በሚሸጠው ነጭ ቅባት ውስጥ ይገኛል።

የፀሐይ ብርሃንም ዓይናችን ከሚያየው ሌላ የማናየው ጨረር አለበት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1801 ዓ.ም. ዮሐን ቪልሄልም ሪተር የተባለ የጀርመን አገር ሊቅ ብርሃንን በባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት በተነው፤ ከሐምራዊው ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ፣ የብር ጨው ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖ ሲጠቁር አገኘው። ይህ ስውር ጨረር አልትራቫዮሌት ተባለ። የሞገዱ ርዝመት በናኖሜትር ይለካል፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ዓይን የሚያየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያህል ሲሆን፣ ከ320 እስከ 400 ያለው «ኤ» የተባለው አልትራቫዮሌት ወደ ቆዳ ጠልቆ ይገባል፤ ከ280 እስከ 320 ያለው «ቢ» የተባለው ቆዳን ያቃጥላል። ሁለቱም ሲደጋገሙ የቆዳ ካንሰር ያመጣሉ። ወደ ተራራ ስንወጣ በላያችን ያለው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር ከመቶ 10 እጅ ያህል ይበረታል። የደጋ ሰው ብርዱን አይቶ ፀሐይዋ የለዘበች ትመስለዋለች፤ ዳሩ ግን የሚያቃጥለው የሚሰማን ሙቀት ሳይሆን የማናየው ጨረር ነው።

አሁን ሁለተኛውን ስሕተቴን ልናገር። ባለሙያዋ ስለ ቅባቱ አሠራር ስጠይቃት፣ «እንደ መስተዋት ፀሐይን ይመልሳል» ብላኝ ነበር። ይህ ቃል በብዙ ሰው አፍ ያለ ነው። እኔም ነጭነቱን አይቼ አመንሁ፤ ለተማሪዎቼም እንዲሁ አስተማርሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኬሚስትሪ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ሰምቶኝ፣ «ወንድሜ፣ እንዲያ አይደለም» አለኝ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ ተለክቶ እንደ ተገኘ፣ እነዚህ የማዕድን ቅባቶች ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚመልሱት ከመቶ 4 ወይም 5 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የሚከላከሉት በመዋጥ ነው።

አዋዋጡም እንዲህ ነው። በዚንክ ኦክሳይድ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይኛው ለመውጣት 3.3 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኃይል ይሻል። ሞገዱ ከ370 ናኖሜትር ገደማ ያጠረ ጨረር ይህንን ኃይል ስለሚይዝ ይዋጣል፤ ኃይሉም በአብዛኛው ጥቂት ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የሚታየው ብርሃን ግን ኃይሉ ስለሚያንስ አይዋጥም፤ የዱቄቱ ቅንጣቶች ወዲያና ወዲህ ይበትኑታል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየን ስለዚህ ነው። ቅንጣቱ ከ100 ናኖሜትር በታች ሲደቅ የሚታየውን ብርሃን መበተኑ ይቀንስና ነጭነቱ ይደበዝዛል፤ ጨረሩን መዋጡ ግን አይቀርም።

ይህንን በሰማሁ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ዕድሜዬን ሁሉ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ማውጣት ሳስተምር ኖሬአለሁ። የቅባቱ ነጭነት ሰሙ ነበር፤ ወርቁ ዓይን በማያየው ጨረር ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። እኔ ግን በመጀመሪያ ሰሙን አይቼ ልጁን ነቀፍሁ፤ ኋላም ያንኑ ሰም ወርቅ ነው ብዬ አስተማርሁ።

የልጁ ቅባት ሲያልቅ ዋጋው ከበደን፤ ስለዚህ ዱቄቱን ገዝቼ በቅቤ ልለውስለት አሰብሁ። ያ ወዳጄ ከለከለኝ። «ቅንጣቶቹ በቅቤው ውስጥ ይጓጉላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቆዳ ራቁቱን ይቀራል፤ ዓይን ግን ሁሉ የተሸፈነ ይመስለዋል» አለኝ። በፋብሪካ ሲሠራ ቅንጣቱ እኩል እንዲበተን በጥንቃቄ ይዋሐዳል፤ የመከላከል ኃይሉም ይለካል። የአውሮፓ ኅብረትና የአሜሪካ ሕግ በቅባቱ ውስጥ እስከ 25 ከመቶ ዚንክ ኦክሳይድ እንዲገባ ይፈቅዳሉ። በዕቃው ላይ 30 የሚል ቁጥር ቢጻፍ፣ ከሚያቃጥለው ጨረር ከ30 አንድ እጅ ብቻ ያልፋል ማለት ነው። ይህም የሚሆነው በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊግራም ሲቀባ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከዚህ አሳንሶ ይቀባልና ቁጥሩ የሚለውን ጥበቃ አያገኝም። በየሁለት ሰዓቱ፣ እንዲሁም ከላብና ከመታጠብ በኋላ፣ መድገም ያሻል። ከቅባትም በፊት ጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ይቀድማሉ። በታንዛንያ በሞሺ ከተማ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች የሚሆን ቅባት በአገሩ ውስጥ ሲሠራ ቆይቷል፤ በእኛም አገር እንዲህ ያለ ሥራ ቢጀመር ብዙ ድኻ በዳነ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በልጁ የግራ ጆሮ ጫፍ ላይ የማይድን ቁስል ወጣ። ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በጊዜ ስለ ተደረሰበት ከጆሮው ጥቂት ቆርጠው አዳኑት። ያ ቁስል ከዚያች ከታኅሣሥ ቀን የመጣ ነው አልልም፤ ጨረሩ የሚጎዳው ከዓመት ወደ ዓመት እየተጠራቀመ ነውና። ነገር ግን ከተጠራቀሙት ቀኖች አንዲቱ የእኔ ናት።

ከሐኪም ቤት በተመለሰ ጊዜ ይቅር እንዲለኝ ለመንሁት። እርሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔታ፣ ያን ጊዜ አያውቁም ነበር፤ አሁን ግን ያውቃሉ» አለኝ። ብዙ ቅኔ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ቃል የከበደኝ ግን የለም። የሚያውቅ ሰው ዝም ቢል በደሉ ካላወቀው ይብሳልና።

ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ልጅ በእጃችሁ ቢኖር በቀትር ወደ ሜዳ አትላኩት፤ ባርኔጣውን አታስወልቁት፤ ቁስል ቢያወጣና ሳምንታት ቢቆይ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ፊቱን ነጭ ተቀብቶ ብታዩትም አትሳቁ። በእኛ ጉባኤ ትምህርቱ ከሜዳው ወደ ዋርካው ጥላ ተዛውሯል፤ ያ ልጅም ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ፣ ፊቱን ተቀብቶ በጥላው ሥር ለታናናሾቹ የቅኔ መንገድ ያሳያል፤ የሚስቅበትም የለም።