የተማረ እጅ ይታሰራልን?

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ሌላውን ለመገሠጽ አይደለም። ራሳችን ያደረግነውን በደል ሳንሸሽግ ለመናገር ነው።

ባለፈው ዓመት አራት ሆነን የትምህርት ማስታወሻ እያዘጋጀንና በፎቶ ኮፒ እያባዛን በግቢያችን እንሸጥ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ተለይቶ ለብቻው ሊሠራ በፈለገ ጊዜ፣ አስቀድሞ የፈረመልንን ወረቀት አውጥተን «ከእኛ ከተለየህ በዚህ ግቢ ማስታወሻ ላትሸጥ ቃል ገብተሃል» አልነው። እርሱ ግን መሸጡን አልተወም። እኛም ቂም ይዘን የሦስት ወር ድርሻውን ከለከልነው፤ ሰላምታም አቋረጥን። እውነቱ በእኛ ዘንድ ስለ መሆኑ አንዳች ጥርጥር አልነበረንም።

በክረምቱ ዕረፍት ሦስታችን ተያይዘን፣ የአንዳችን ወላጆች ወደሚኖሩበት ወደ አርዲቦ ሐይቅ ሄድን። አርዲቦ ከደሴ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በተራሮች መካከል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ ነው፤ የሚተርፈውም ከእርሱ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ታላቁ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። በዳርቻው ቆሮሶ እያጠመዱ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። መረብ አሳምረው የሚሠሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ክሩን መምረጥ፣ የመረቡን ዓይን መለካት፣ ከታች እርሳሱን ከላይ ተንሳፋፊውን ማመጣጠን፣ ይህ ሁሉ በዓይን አይተው በእጅ የሚለምዱት ሙያ ነው።

በደረስን በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መረብ ሠሪና ያስተማሩት ወጣት ተጣልተው በሽማግሌዎች ፊት ቀረቡ። ወጣቱ ሙያውን ሲጀምር «ያለ እርስዎ ፈቃድ በዚህ ሐይቅ ዳር ሁሉ ለማንም መረብ አልሠራም» ብሎ ምሎ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ተለየና ለራሱ መሥራት ጀመረ፤ የመምህሩም ደንበኞች ወደ እርሱ ዞሩ።

ወሎ አባጋር የሚባሉ አስታራቂዎች ያሉት አገር ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑም በአንድ ሸንጎ ተቀምጦ ያስታርቃል። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር። ቡና ተፈላ፣ ዱአ ተደረገ፣ ነገሩም ተጀመረ።

መምህሩ አቤቱታቸውን በምሬት ተናገሩ። ወጣቱም «አባቴ፣ ውለታዎን አልካድሁም፤ ነገር ግን ከዚህ ሌላ ሙያ የለኝም፤ ልጆቼን በምን ላሳድግ?» አለ። እኛ በልባችን ለመምህሩ ፈርደን ነበር። በዚህ ጊዜ በዕድሜ ከሁሉ የሚልቁት ሸህ እንዲህ አሉ፦

«ልጁ ቃሉን አፍርሷል፤ ይህ ጥፋት ነው። አንተስ የላቡን ዋጋ ከፍለኸዋል?»

መምህሩ ጥቂት ዝም ብለው «የሁለት ወሩን ይዤበታለሁ፤ ከድቶኛልና» አሉ።

ሦስታችንም መሬት መሬት አየን።

ሸሁም «መጀመሪያ ያን ክፈል፤ ከዚያ በኋላ ስለ መሐላው እንነጋገራለን። ደግሞም መሐላው ዓይኑ እጅግ የጠበበ መረብ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም ይይዛል፤ እንዲህ ያለ መረብ ሐይቁን ባዶ ያስቀራል» አሉ። ከክርስቲያኖቹ ሽማግሌዎችም አንዱ በቅርቡ ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም አነሡ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ አስተማሩ፤ ከተማሩት አንዱ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ተመልሰው፣ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብር መሠረቱ። «የተማሪው ደብር የመምህሩን ስም አሳነሰውን?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። መምህሩ የያዙትን ገንዘብ ከፈሉ። ወጣቱ በምሥራቁ ዳርቻ እንዲሠራ ተፈቀደለት፤ ነገር ግን ለመምህሩ የቆዩ ደንበኞች እስከ መጪው መስከረም ድረስ እንዳይሸጥ፣ መምህሩም ሥራ ሲበዛባቸው መጥቶ እንዲረዳቸው ታዘዘ። መሐላውም በምርቃት ተነሣ። ሁለቱ ጉልበትና ትከሻ ተሳሳሙ።

ሕግ የሚያጠናው ጓደኛችን ማታ እንደ ነገረን፣ ይህ ነገር በዓለም አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1414 በእንግሊዝ አገር አንድ ልብስ ቀላሚ ለግማሽ ዓመት በከተማው ሙያውን እንዳይሠራ በገባው ውል ተከሶ ቢቀርብ፣ ዳኛው በከሳሹ ላይ እጅግ ተቈጡ። በ1711 ግን አንድ ዳቦ ጋጋሪ መጋገሪያ ቤቱን ለአምስት ዓመት ለሌላ አስተላልፎ በዚያው አጥቢያ ላለመጋገር የገባው ቃል ጸና፤ ጊዜውና ቦታው የተወሰነ፣ ምክንያቱም የታወቀ ነበርና። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 41 ኢትዮጵያዊ ሁሉ መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። የአርዲቦ ሽማግሌዎች እነዚህን መዝገቦች ሳያገላብጡ ጊዜውን፣ ቦታውንና ደንበኛውን ለይተው ወሰኑ። ይልቁንም በአንድ ውሃ ዳር ነገም አብረው የሚውሉ ሰዎች መሆናቸውን አልዘነጉም። በትንሽ ማኅበር ውስጥ ያሸነፈ ሰው ጎረቤቱን ካጣ ምን አተረፈ?

ወደ ግቢያችን እንደ ተመለስን ጓደኛችንን ለሻይ ጠራነው። ሻዩ ሳይቀርብ ገንዘቡን አስቀደምንለት። ቈጥሮ ሳያይ ኪሱ ከተተና «ወረቀቱስ?» አለን። በፊቱ ቀደድነው። ወዳጅነታችን እንደ ቀድሞው ሆኗል ብንል እንዋሻለን፤ ሰላምታ ግን ተመልሷል። እርሱ የአንደኛ ዓመቱን፣ እኛ የሁለተኛውን ማስታወሻ እናዘጋጃለን፤ ስምምነቱም ለአንድ መንፈቅ ብቻ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነገ ተመርቀን ስንወጣ ከፊላችን እንዲህ ያለውን ውል እንፈርማለን፤ ከፊላችንም እናስፈርማለን። የምንፈርመው ጊዜውንና ቦታውን እንጠይቅ። የምናስፈርመው ግን አስቀድመን የሰውየውን ላብ ከፍለን እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ። እኛ ይህን ጥያቄ የተማርነው ከመማሪያ ክፍል ሳይሆን ከአርዲቦ ዳር ነው፤ ዘግይተንም ቢሆን ተምረነዋል።