ካባውና ጋቢው

የዘቢዳር ተራራ ጫፍ ከክረምቱ ጉም መላቀቅ ሲጀምር፣ በመስቃን ምድር በቡታጅራ ከተማ የሰው ወሬ ሁሉ ስለ መስቀል ይሆናል። ከመርካቶ የሚመለሰው ነጋዴ ለወላጆቹ የሚገዛውን ያሰላል፤ እናት ለክትፎው የሚሆነውን ቅቤ ታነጥራለች፤ ልጆች በየመንደሩ ጀፎረ ላይ የደመራውን ቦታ ያጸዳሉ። በዚያ ሰሞን ከከተማይቱ ፎቶ ቤቶች በአንደኛው ሌላ ዝግጅት ይካሄድ ነበር። ባለቤቱ ሰዎችን ጥንታዊ ልብስ እያለበሰ ያነሣል፤ ሥዕሉንም የመልካም ምኞት ካርድ አድርጎ ያሳትማል። ለዚህም ተግባር ከአዲስ አበባ የተከራየው በወርቅማ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ፣ የአንበሳ ጎፈር እንዲመስል የተበጠረ የበግ ለምድ፣ ከቆርቆሮ የተሠራ ጋሻና አንድ ጦር ነበረው።

ሰውን በታሪክ ልብስ አስጊጦ ሥዕሉን ማሠራጨት ለአገራችን እንግዳ ሙያ አይደለም፤ መራራ ትዝታም አለው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወድቆ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር የሰባት ዓመት ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ሄደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በጉዞው ላይ ሳሉ በግንቦት አረፉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር፣ በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ሕፃኑን የአገሩን ልብስ እንደ ለበሰ አነሣችው። ጠባቂው ካፒቴን ስፒዲም የኢትዮጵያን ልብስ ለብሶ ከካሜራዋ ፊት ቀረበ። ካሜሮን ጎረቤቶቿንና የቤት ሠራተኞቿን ሳይቀር የጥንት ነገሥታትና የተረት ደናግል አስመስላ በማንሣት የታወቀች ነበረች። ሠራተኞቿ የተውሶውን ልብስ አውልቀው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ዓለማየሁ ግን የሚመለስበት አልነበረውም፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። የለበሰው ልብስ የራሱ አገር ልብስ ነበር፤ ለማን እንደሚለብሰው ግን የመረጠው እርሱ አልነበረም።

ከዚያም ወዲህ ካሜራና ካባ ብዙ ጊዜ ተገናኝተዋል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ፣ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች በማዕረግ ልብሳቸው አንሥተዋል። ካባ ላንቃ ንጉሥ የሚሸልመው፣ ጎፈር ጀግንነት የሚመሰከርበት በመሆኑ ለባሹ ማን እንደ ሆነ ያለ ቃል ይናገር ነበር። ያ ሥርዓት ካለፈ በኋላ ልብሱ የኪራይ ዕቃ ሆነ። ዛሬ ዋጋውን የከፈለ ሁሉ ይለብሰዋል።

በቡታጅራው ፎቶ ቤት አንድ የመርካቶ ነጋዴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን አባቱንና ሴት ልጁን ይዞ ገባ። አዲስ አበባ ሲገባ በሊስትሮነት ነበር የጀመረው። ጫማ ከጠረገላቸው ሰዎች መካከል ስሙን የጠየቀው ጥቂት ነበር። ዛሬ ለደንበኞቹና ለባልንጀሮቹ የሚልከው ካርድ አባቱ የክብር ሰው መሆናቸውን እንዲናገርለት ይፈልጋል። ስለዚህም ካባውን ራሱ አንሥቶ ወደ አባቱ ትከሻ አቀረበ።

ሽማግሌው ጥልፉን በጣታቸው ዳሰሱና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይህን አላደርግም» አሉ።

«አባባ፣ ለአንድ አፍታ ነው እኮ፤ በጣም ያምርብዎታል» አለ ፎቶ አንሺው።

«ማማሩን አላጣሁትም ልጄ። ይህን የለበሰ ሰው በደጃችን ሲያልፍ አባቴ ከመንገድ ወርዶ፣ ጋቢውን አደግድጎ ይቆም ነበር። ከምርታችን እየከፈልን የኖርነው ለእርሱ ነው። እኔ ዛሬ ካባውን ብለብሰው፣ ሥዕሉን የሚያይ ልጅ አያቴ ባላባት ነበር ይላል። የአባቴን መቆም ማን ይነግረዋል?»

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። አባቱን ሊያከብር የመረጠው ልብስ አያቱን ያቆመ ልብስ መሆኑን አስቦት አያውቅም። እርሱ ነፍስ ሲያውቅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮታል፤ ስለዚያ ዘመን በቤት ውስጥ ብዙም አይወራም ነበር። ገንዘቡን ከፍሏል፤ ካርዱም ከበዓሉ በፊት መድረስ አለበት። ፎቶ አንሺው መብራቱን አጥፍቶ ዝም አለ።

ዝምታውን የሰበረችው የልጅ ልጃቸው ነበረች። «አባባ፣ እኔስ ብለብሰው? እርስዎን ያስቆመ ልብስ እኔን ቢያስጌጠኝ ምን ነውር አለበት?»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። የእርሷም ቃል እውነት ነበረው፤ ተከልክሎ የኖረን ነገር ሳይፈሩ መልበስ ያለፈው ዘመን ማለፉን ያሳያል። ይሁን እንጂ የአያትዬው እምቢታ ከጎኑ ካልቆመ፣ ያው ካባ የልጅቱን ውበት ብቻ ያሳይና የወረደውን ሰው ይሸፍነዋል። ታሪክን በልብስ ለማሳየት የሚነሣ የጥበብ ሰው፣ ተዋናይ ቢሆን ሠዓሊ፣ ልብሱ ማንን እንዳከበረና ማንን እንዳጎነበሰ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

«ልበሺው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ግን በጋቢዬ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ፎቶ አንሺው የቆርቆሮውን ጋሻና የበጉን ለምድ ወደ ጓዳ መለሰ። የተቀባውን የቤተ መንግሥት መጋረጃም ጠቀለለው። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ልጅቱ በካባው ውስጥ ቀጥ ብላ ከጎናቸው ቆመች። ነጋዴው ከካሜራው ኋላ ሆኖ አባቱ ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ አየ፤ ቀርቦም የወደቀውን ጫፍ በትከሻቸው ላይ መለሰላቸው።

ካርዱ ለበዓሉ ደረሰ። በፊቱ ላይ «እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ አለ። በጀርባው ላይ፣ በሽማግሌው ትእዛዝ፣ አንድ አጭር መግለጫ ታትሟል፤ «ልጅቱ የለበሰችው ካባ የኪራይ ነው። አያቷ የለበሱት ጋቢ የራሳቸው ነው።»