ሀገረ ሕይወት

ቁርጥማት ከአልጋ ያዋላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ባለቤታቸው የቅኔ መምህር ናቸው፤ ወደ አምቦ የሁለት ሰው መንገድና ማደሪያ ቢያሰሉ ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። ስለዚህም «አንቺ ዕረፊ፤ እኔ ሄጄ ውኃውን ቀድቼልሽ እመለሳለሁ» ብለው ጀሪካን ይዘው ተነሡ።

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ የሚገኝ ከተማ ነው፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ይባል ነበር። በደቡቡ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ወንጪ አለ። እርሱም የጥንት እሳተ ገሞራ ሲሆን፥ እሳቱ በነበረበት ስፍራ ዛሬ ሐይቅ ተኝቶበታል፤ በሐይቁም ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም ይገኛል። ውኃውን የሚያፈላው የምድር ውስጥ ትኩሳት ነው፤ አረፋ የሚያስነሣውም ከጥልቁ የሚወጣው አየር ነው።

መምህሩ ከምንጩ ቀድተው የወይን አገር ወደሆነችው ወደ ጉደር ዘለቁ፤ ቀዩ የወይን ጠጅ የተሰየመው በእርስዋ ስም ነው። የወይን ጭማቂ ሲብላላ የሚወጣው አየርም ያው የምንጩ ዓይነት ነው። ነገር ግን ወይኑ እስትንፋሱን ለቆ ጠጅ ይሆናል፤ ውኃው እስትንፋሱን ቢለቅ ሕያው ጣዕሙን ያጣል።

ማታ በማደሪያቸው ጀሪካኑን ቢከፍቱት ድምፅ የለውም፤ ቢቀምሱት ሞቷል። የቤቱ እመቤት አይተው ሣቁ። «አባቴ፥ ይህማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ ታሽጎ ይሸጥ የለምን? በጠርሙስ የማይገባው ፍል ውኃው ነው። ሰው ወደ እርሱ ይመጣል እንጂ እርሱ ወደ ሰው አይሄድም» አሏቸው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰምና ወርቅ ያስተማሩት ሰው ሰሙን ተሸክመው ወርቁን እንደተዉ ገባቸው። ገንዘብ አዳንሁ ሲሉ የሸሹት የባለቤታቸውን ሕመም ማየት ነበር።

በሳምንቱ ለካባ ያስቀመጡትን ገንዘብ አውጥተው ባለቤታቸውን ደግፈው መጡ። እናቲቱ እግራቸውን ከፍል ውኃው ነክረው ተራራውን ጥቂት ሲመለከቱ ቆዩና፥ «እስከ ዛሬ ለምን አላመጡኝም?» አሉ። መምህሩ መልስ አልነበራቸውም፤ ጫማቸውን አውልቀው ከጎናቸው ተቀመጡ።

ቁርጥማቱ ፈጽሞ አልተዋቸውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚያስቀምጡት ገንዘብ የሁለት ሰው ነው።