ቱቦ፣ ጀሪካንና የየካቲት ጋሻ

የዓድዋ ድል የሚከበርበት የካቲት 23 ሲቃረብ ጋሻ ፈላጊው ይበዛል። ጎፈር ይሰፋል፣ ለጦሩም እንጨት አይጠፋም። ከቆዳ የተሠራ ጋሻ ግን ወይ ከአያት ወርዶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ወይ ዋጋው አይቀመስም። ለትምህርት ቤት ተውኔት የተቆረጠው ካርቶን ደግሞ ሰልፉ ሳይጋመስ ጫፉ ይታጠፋል።

ውጭ አገር የፊልም ጀግኖችን ጥሩር እየሠሩ የሚለብሱ ሰዎች መላ ያገኙት በፕላስቲክ ነው። አንዳንዶቹ የሞዴል አውሮፕላን ክንፍ ለመሸፈን በተሠራች ትንሽ ካውያ ይጠቀማሉ። ሙቀቷ ከፍና ዝቅ ስለሚል ፕላስቲኩን ሳታቀልጥ ታለሰልሰዋለች፤ እንዳይጣበቅ በመሃል የመጋገሪያ ወረቀት ጣል ይደረጋል።

ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ጊንጪ ግን ያለ ካውያም ፕላስቲክ ለማለስለስ የሚበቃ ሙቀት ጉልቻ ላይ አላት። ከተማዋ 2200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ ለሚቀቅል ሰው ይህ ጉዳት ነው፤ ለቱቦ ግን ይተርፋል። የፒቪሲ ቱቦ ከ80 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል። ከጎኑ በመጋዝ ተሰንጥቆ የፈላ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይከፈታል፤ በሁለት ጣውላ መሃል ተጭኖ ሲቀዘቅዝ ዝርግ ሆኖ ይቀራል። የ110 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ ሲዘረጋ ወርዱ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ለልጅ ጋሻ በቂ። እንደገና አሙቆ የተገለበጠ ሳህን ላይ መጫን ጉብታውን ያወጣዋል። ቱቦው የተነከረበት ድስት ግን ከዚያ በኋላ ወጥ አይሠራበትም።

የጥንቱ ጋሻ ሠሪ በእርጥብ ቆዳ ያደርገው የነበረውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ መወጠር፣ ቅርፅ ማስያዝ፣ እስኪደርቅ መተው።

ቢጫው የዘይት ጀሪካን ሌላ ጠባይ አለው። እስከ 130 ዲግሪ አካባቢ ይግደረደርና ከዚያ ይቀልጣል። ቀለምም ማስቲሽም አይዘውም። የተቀደደ ባልዲ በጋለ ብረት የሚጠግኑ ሰዎች ይህን አመሉን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ከጀሪካን ጥሩር መሥራት ያማረው ሰው መጀመሪያ እነሱ ዘንድ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

የሬዲዮ ጠጋኙ ካውያ ጫፉ ከ300 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ለማጠፍ አይሆንም፣ ይበሳል። ለጀሪካን ጋሻ ማንገቻ ቀዳዳ ግን እሱን የሚያህል የለም። ፒቪሲ ላይ ማሳረፍ ክልክል ነው፤ ሲቃጠል ሳንባ የሚያቆስል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል። የቱቦው ጋሻ የሚበሳው በመሰርሰሪያ ነው።