ሳይጠመቅ ያረፈው ንጉሥ

ጌታ ለኒቆዲሞስ ስለ ውሃና ስለ መንፈስ ልደት የተናገረው ቃል በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ፥ ከሚሰሙት መካከል ልጅዋን በ40 ቀኑ ዋዜማ የቀበረች እናት ብትኖር ቃሉን እንደ ሌላው ሰው አትሰማውም። ሊቃውንት ግን በዚህ ነገር የሚከራከሩት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለች እናት በሌለችበት ጉባኤ ነው። ስለዚህ ሬሳ ተቀምጦ፥ እኅቶችም እያለቀሱ ነገሩ የተነገረበትን አንድ ቀን ማስታወስ ይገባል።

ዳግማዊ ቫለንቲንያኖስ በ375 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ገና የ4 ዓመት ሕፃን ሳለ የሮም ንጉሥ ተባለ። እናቱ ዮስቲና የአርዮስን ወገን ትደግፍ ነበርና፥ በ385 እና በ386 በሚላኖ ከተማ ለአርዮሳውያን ቤተ ክርስቲያን ይሰጣቸው በማለት ከኤጲስ ቆጶሱ ከአምብሮስዮስ ጋራ ብርቱ ጠብ ገጠመች፤ እርሱም አልሰጥም ብሎ ጸና። ልጁ ግን ካደገ በኋላ ያንኑ የእናቱን ባላጋራ እንደ አባት ተመለከተው። ሆኖም ንዑሰ ክርስቲያን ነበረ እንጂ ጥምቀትን አልተቀበለም። በዚያ ዘመን ታላላቅ ሰዎች ጥምቀትን ማዘግየት ልማዳቸው ነበር። አምብሮስዮስ ራሱ በ374 የአገር ገዢ ሳለ ሕዝቡ ለኤጲስ ቆጶስነት ሲመርጠው ገና አልተጠመቀም ነበርና፥ ተጠምቆ በጥቂት ቀን ውስጥ ተሾመ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሹመት ቢሆን ስንት የክስ ወረቀት በተጻፈበት ነበር!

በ392 ንጉሡ በጋልያ በቪየን ከተማ ተቀምጦ ነበር፤ ነገር ግን የጦሩ አለቃ አርቦጋስት ሥልጣኑን ወስዶበት የቀረለት ስሙ ብቻ ነበር። በዚህ ጭንቅ ሳለ መጥተህ አጥምቀኝ ብሎ ወደ አምብሮስዮስ ላከ። ኤጲስ ቆጶሱም ተነሥቶ ጉዞ ጀመረ፤ ነገር ግን ሳይደርስ በመንገድ የንጉሡ መርዶ ተነገረው። ንጉሡ በሜይ ወር በ15ኛው ቀን በቤቱ ተሰቅሎ ተገኝቶ ነበር። አርቦጋስት አስገድሎት እንደ ሆነ ወይም ራሱን አጥፍቶ እንደ ሆነ፥ የታሪክ ጸሓፊዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም።

ሬሳው ወደ ሚላኖ ከመጣ በኋላ በቀብሩ ቀን አምብሮስዮስ ለሕዝቡና ለእኅቶቹ ለዩስታና ለግራታ ተናገረ። እኅቶቹ ወንድማቸው ሳይጠመቅ ስለ ሄደ ያዝኑ እንደ ነበር ያውቃል። በሰው እጅ ያለው ፈቃድና ልመና ነው፤ እርሱም ፈቅዶአል፥ ለምኖአልም፤ ሰማዕታት በደማቸው ከታጠቡ፥ እርሱንም ሃይማኖቱና ፈቃዱ አጥበውታል ብሎ አጽናናቸው።

ይሁን እንጂ ይኸው አምብሮስዮስ ለአዲስ ተጠማቂዎች ባስተማረው ትምህርት፥ ንዑሰ ክርስቲያን በመስቀሉ ቢያምንም በሥላሴ ስም ካልተጠመቀ የኀጢአትን ስርየት እንደማያገኝ ተናግሮአል። ለንጉሥ ቤት ሲሆን ቃሉን አላላውን? እንዲህ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስልም። ትምህርቱ የተነገረው ውሃው በፊታቸው ላለ፥ የቀብሩ ቃል ግን መንገዱ ለተቈረጠበት ሰው ነውና።

ብርቱው ተቃውሞ የጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነው። እርሱ በ381 በቍስጥንጥንያ ሲሰብክ፥ ለመግደል የተመኘ ሁሉ እንደ ገዳይ ካልተፈረደበት፥ ለመጠመቅ የተመኘም እንደ ተጠመቀ አይቈጠርም አለ። ያለ ጥፋታቸው ስለ ቀሩት ግን፥ ባይከብሩም አይቀጡም ብሎ ለየ። ቃሉ ነገ እጠመቃለሁ እያሉ ለሚያዘገዩት ነበር። እውነቱን ለመናገር ቫለንቲንያኖስም ከእነዚህ አንዱ ነበረ። በጋልያ ኤጲስ ቆጶሳት ሳይጠፉ፥ እርሱ ከሩቅ የሚመጣውን ጠበቀ። የህንደኬ ጃንደረባ ግን በጋዛ መንገድ ውሃ ባየ ጊዜ፥ ከመጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው ብሎ ወዲያው ጠየቀ። በዚህ ነገር የአምብሮስዮስ የኀዘን ንግግር ፈጥኖ ያልፋል፤ በሬሳ ፊት የቆመ ሰው ቢያልፈውም አይፈረድበትም።

ለዚያች እናት ግን ይህ ሁሉ አልበቃትም፤ ሕፃን ፈቃድ የለውምና። አምብሮስዮስ በ387 ያጠመቀው አውግስጢኖስ፥ ጊዜ ለጠበበበት ሰው እምነትና የልብ መመለስ በጥምቀት ፈንታ ሊሆኑለት እንደሚችሉ ሲጽፍ ስለ ሕፃናት ግን ጨክኖአል፤ ቅጣታቸው ከሁሉ የቀለለ ነው ከማለት አላለፈም። በኢትዮጵያ ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ ሕፃኑ ታሞ ለሞት የሚያሰጋ ሲሆን ግን ቀኑ ሳይጠበቅ ይጠመቃል። በሌሊት የተጠራ ቄስ ቀኑን አይቈጥርም፤ ይሮጣል። ሳይደርስ ቢቀርስ? ሕፃኑ ሲጠመቅ የክርስትና አባቱ አፍ ሆኖለት ሃይማኖቱን ይመሰክርለታል። ሃይማኖት በሌላው አፍ የሚቈጠርለት ሕፃን፥ ቄስ ለመጥራት በጨለማ የሮጡት የወላጆቹ ፈቃድ የማይቈጠርለት በምን ምክንያት ነው? ይህን ጥያቄ በጭካኔ የመለሰ ሊቅ ቢኖር፥ ያንን መልስ ይዞ እናቲቱ ወዳለችበት ቤት ይግባ።

እኅቶቹ ወንድማቸውን ለመቅበር የቴዎዶስዮስን ትእዛዝ ሲጠብቁ ብዙ ቀን አለፈ። አምብሮስዮስም ለቴዎዶስዮስ በጻፈው ደብዳቤ፥ በዚያ እጅግ ያማረ የቀይ ፖርፊር ድንጊያ ገንዳ እንዳለና ለመቃብሩ የሚስማማ መሆኑን አስታወቀ።