የመድረሻው ቪዛ የመንገዱ ቪዛ አይደለም



እኛ ጎንደር ላይ «ቪዛው መጣ» ከተባለ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለናል። ቡና ይፈላል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ዱዓ ይደረጋል። ሻንጣው ውስጥ በርበሬው፣ ሽሮውና ቡናው ይገባል። ስለ ትኬቱ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስንት አለ?» አውሮፕላኑ የት አርፎ የት እንደሚቀየር የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ስለማይጠየቀው ጥያቄ ነው፤ በቤተሰባችን ላይ የደረሰው ነገር በሌላው ቤት እንዳይደገም በማሰብ።

የአክስቴ ልጅ ባለቤቷ በርሚንግሃም ነው የሚኖረው። ከኒካሓቸው በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ነው የኖሩት። ቪዛዋ ሲመጣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ትኬት ቆራጭ በፍራንክፈርት በኩል የሚሄድ ትኬት ቆረጠላት፤ ከቀጥታው በረራ ዋጋው ይቀንስ ነበር። «ከኤርፖርት ስለማትወጪ ሌላ ቪዛ አያስፈልግሽም» አላት። እሷም አምና ከአዘዞ ተሳፍራ ቦሌ ደረሰች።

ቦሌ ላይ ፓስፖርቷን ያየችው ሠራተኛ፣ «እህቴ፣ የጀርመን ትራንዚት ቪዛሽስ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ ጀርመን አልሄድም፤ እንግሊዝ ነው የምሄደው።»

«ገብቶኛል። ግን ፍራንክፈርት ላይ ነው የምትቀይሪው።»

ያን ምሽት አልበረረችም። ለትኬቱ የተከፈለው ገንዘብም አልተመለሰም። ተሸኝቶ መመለስ ከበዳትና ጎንደር ከመምጣት ኮልፌ ዘመድ ቤት ሦስት ሳምንት ተቀመጠች። ባለቤቷ ተበድሮ ከቦሌ ሂትሮው በቀጥታ የሚሄድ ትኬት እስኪገዛላት ድረስ አክስቴ በየቀኑ «ደረሰች ወይ?» ለሚላት ጎረቤት መልስ ስታጣ አይቻለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ በኋላ በሰላም ገብታለች።

ነገሩ እንዴት ነው ብዬ ሕጉን ማገላበጥ የጀመርኩት ያኔ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቪዛ ሕግ የ12 አገሮች ዝርዝር አለው። የእነዚህ አገሮች ዜጎች በሸንገን አገሮች ኤርፖርት አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ «የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ» ይጠየቃሉ። ዝርዝሩ ላይ አፍጋኒስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ኢራቅ፣ ኢራን፣ ሶማሊያ፣ ኤርትራ፣ ናይጄሪያና ሌሎችም አሉ፤ ኢትዮጵያም አለች። ጎረቤታችን ኬንያ በዚህ የጋራ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ «ኬንያዊው ጓደኛዬ በዚያ በኩል ያለ ቪዛ አለፈ» ማለት ለእኛ ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚሆኑ አሉ። የሸንገን ቪዛ ያለው፣ እንዲሁም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን የጸና ቪዛ የያዘ ሰው ትራንዚት ቪዛ አይጠየቅም። የእንግሊዝ ቪዛም ብሪታንያ የኅብረቱን ሕግ ትከተል በነበረበት ጊዜ፣ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ፣ ይሠራ ነበር። ብሪታንያ ከወጣች በኋላ ግን ያ መብት ቀረ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትኬት ቆራጩ በፍራንክፈርት በኩል አሜሪካና ካናዳ የላካቸው ሰዎች በሰላም ደርሰውለታል፤ ድሮ እንግሊዝ የላካቸውም እንዲሁ። በአሮጌ ልምድ አዲስ መንገደኛ ላከ። የአክስቴ ልጅ ግን ዋጋ ከፈለችበት።

ታዲያ ቦሌ ያለችው ሠራተኛ ለምን ታግዳለች የሚል ይኖራል። አየር መንገዶች የየአገሩ የሰነድ መስፈርት የሚታይበት ታይማቲክ የሚባል ሥርዓት አላቸው፤ ሠራተኛው ዜግነትህን፣ መድረሻህንና የምታልፍበትን አገር አስገብቶ ያያል። ያልተሟላ ሰነድ የያዘ ሰው ጭኖ የሄደ አየር መንገድ ያንን ሰው በራሱ ወጪ ይመልሳል፤ በሺዎች የሚቆጠር ዩሮም ይቀጣል። ስለዚህ የፍራንክፈርት ድንበር የሚጀምረው ፍራንክፈርት ሳይሆን ቦሌ ሻንጣ የሚመዘንበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ቆሞ ማልቀስም ሆነ መለመን የሚለውጠው ነገር የለም።

የጎንደር ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር ባዳ አይደለም። በሲራራ ንግድ ዘመን ከአዲስ ዓለም ተነስተው ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ የሚወርዱ ነጋዴዎቻችን በየመንገዱ ኬላ ይጠብቃቸው ነበር። ዕቃው የሚሸጠው መተማ ቢሆንም መሐል ያለው ኬላ ጠባቂ ቀረጥ ይጠይቃል፤ «አላፊ ነኝ» ማለት አያድንም። የዚያ ዘመን ነጋዴ ታዲያ ሳይነሳ በፊት ኬላውን ይቆጥር ነበር። እኛ ዛሬ ያቆምነው ይህንን ቆጠራ ነው።

እንግዲህ ትኬት ከመቆረጡ በፊት የሚታዩትን ነገሮች ላስቀምጥ።

መጀመሪያ፣ አውሮፕላኑ የሚቀየርበትን ከተማ ሁሉ በስም ጠይቁ። በዱባይ፣ በዶሃ ወይም በኢስታንቡል በኩል በአንድ ትኬት የሚያልፍና ከትራንዚት ክልል የማይወጣ ሰው ቪዛ አይጠየቅም። አሜሪካ ውስጥ ግን ለመቀየር ብቻ የሚያልፍ ሰውም በኢሚግሬሽን ስለሚያልፍ ቪዛ ግዴታ ነው። በካናዳ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊም እስከ 48 ሰዓት የሚያገለግል፣ ክፍያ የሌለው የትራንዚት ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። እንግሊዝም በሕጓ ነፃ ያደረገቻቸው ካልሆኑ በቀር ከኢትዮጵያዊ መንገደኛ የትራንዚት ቪዛ ትጠይቃለች።

ሁለተኛ፣ ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ለየብቻ የተገዙ ሁለት ትኬቶች ከሆኑ ሻንጣህን መሐል ላይ ተቀብለህ እንደገና ማስመዝገብ ሊኖርብህ ይችላል። ለዚያ ደግሞ ድንበሩን አልፈህ ወደ አገሩ መግባት አለብህ፤ ያኔ የመግቢያ ቪዛ ትጠየቃለህ።

ሦስተኛ፣ ሁለት የሸንገን ኤርፖርቶችን የሚያገናኝ ጉዞ፣ ለምሳሌ ሮም አርፎ ከዚያ ፍራንክፈርት፣ በኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ አይሆንም። በሁለቱ መካከል ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ ስለሚቆጠር መደበኛው የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ጊዜውን አስሉ። የሸንገን ማመልከቻ ቢያንስ ከጉዞው 15 ቀን በፊት መግባት አለበት። ክፍያው ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ኤምባሲው ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ከደባርቅ ወይም ከዳባት ለሚመጣ ሰው የመመላለሻው፣ የማደሪያውና የቀጠሮው ወጪ ሲደመር ርካሹ ትኬት ከቀጥታው በረራ ይበልጥ ሊወደድ ይችላል።

በሳዑዲ በኩል ለሚያልፍም አንድ ነገር ልጨምር። ሳዑዲ ዓረቢያ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. መንገደኞች እስከ አራት ቀን ቆይተው ዑምራ እንዲያደርጉ የሚፈቅድ የትራንዚት ቪዛ ጀምራለች። ትልቅ ኒዕማ ነው። ቢሆንም ቪዛው በእጅ ሳይገባ «እግረ መንገዴን ዑምራ አደርጋለሁ» ብሎ ትኬት መግዛት አይገባም።

ደግሞም የሚያመን ነገር አለ። አሜሪካዊ ፓስፖርት የያዘ ዘመዳችን እንግሊዝ ለመግባት ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጉዞ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱን የሚጨርሰው ግን በስልኩ፣ ቤቱ ተቀምጦ ነው። እዚህ አብሮት ያደገው ወንድሙ ለሁለት ሰዓት የኤርፖርት ወንበር ቀጠሮ ይጠብቃል፣ የባንክ ደብተር ያቀርባል። ይህ ፍትሕ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አይመስለኝም። ነገር ግን ሕጉን መቃወም ሌላ፣ ሕጉን ሳያውቁ ቦሌ መድረስ ሌላ ነው። በሁለተኛው የሚጎዳው መንገደኛው ብቻ ነው።

ትኬት የምትቆርጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራችሁ አማና ነው። የመንገደኛውን ፓስፖርትና ቪዛ ሳታዩ «አያስፈልግም» አትበሉ። የምታልፉበትን አገር ኤምባሲ ገጽ ወይም አየር መንገዱን ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ስጡ። የማታውቁትን «አጣርቼ ልንገርህ» ማለት ነውር የለውም። የምትሸኙ ቤተሰቦችም ከዋጋው ቀጥሎ «የት ይቀየራል? እዚያስ ምን ይጠየቃል?» በሉ። ይህንን ጽሑፍ ትኬት ሊቆርጥ ለተዘጋጀ ሰው አድርሱልኝ።

አላህ የመንገደኞቻችንን ጉዞ ያቅልልልን፤ የተለያዩትንም በሰላም ያገናኝልን። አሚን።