እንቅልፍ የሌለው ጣቢያ

የመንደራችን ሬዲዮ ድሮ ይተኛ ነበር። ማታ አራት ሰዓት ላይ የመጨረሻው አቅራቢ «ደኅና እደሩ» ይልና መብራቱን አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ ወደ ቤቱ ያዘግማል። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ጭጭ ያለ ሞገድ ነው የሚያገኘው። ዛሬ ጣቢያው ሃያ አራት ሰዓት ያወራል፤ ውስጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው የለም።

በምኖርባት በዚህች የእንግሊዝ ገጠር የማኅበረሰብ ሬዲዮ የመጣው ዘግይቶ ነው። ቢቢሲ የመጀመሪያውን የአካባቢ ጣቢያ ሌስተር ላይ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1967 ቢሆንም፣ ተራው ነዋሪ ራሱ ማይክሮፎን እንዲይዝ 15 ጣቢያዎች በሙከራ ሥራ የጀመሩት በ2002 ነው። ደንቡ በ2004 ወጣ፤ መደበኛ ፈቃድ መሰጠት የጀመረውም በቀጣዩ ዓመት ነው። ለትርፍ መሥራት ክልክል፣ ማኅበረሰቡን መጥቀም ግዴታ ሆነ። ማሠራጫው ብዙውን ጊዜ 25 ዋት ገደማ ስለሆነ ከድሮ አምፖል ባነሰ ጉልበት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። በጎ ፈቃደኛው የሚሰጠው ሰዓት ደግሞ በገንዘብ ተተምኖ ከጣቢያው ገቢ ጋር ሊቆጠር ይችላል። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም የሰውን ጊዜ ዋጋ ያወቀው ከኛ ቀድሞ ነው።

የኛ ስቱዲዮ የመንደሩ አዳራሽ ፎቅ ላይ፣ ወንበር ይከማችባት የነበረች ክፍል ናት። ግድግዳው ድምፅ እንዲያፍን አሮጌ ብርድ ልብስ ተወጥሮበት ነበር። ሻይ የሚፈላው ዘፈን ሲጫወት ብቻ ነው፤ አለዚያ የማንቆርቆሪያው መንተክተክ ከዜናው ጋር አብሮ ይተላለፋል።

የማክሰኞ ጠዋቱ አቅራቢ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ነበሩ። የመንደሩን በር ሁሉ ከነውሻው ያውቁታል። በረዶ የጣለ ዕለት የትኛው ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ የትኛው ዳገት መኪና እንደማያስወጣ የምንሰማው ከርሳቸው ነው። አንድ ቀን ጠፍታ የተገኘች ድመት መልኳን ሲናገሩ «ግራጫ፣ ወፈር ያለች» አሉ። ቀጥሎ የገባው ዘፈን ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ።

«የኔ ናት» አሉ አንዲት ባልቴት። «ግን እባክዎ፣ ወፍራም ናት አይበሉብኝ።»

ዘፈኑ ሲያልቅ ፖስተኛው ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጉና «ባለቤቷ ተገኝተዋል፤ ድመቷም ቀጭን መሆኗ ተረጋግጧል» ብለው አረሙ።

አሁን ክፍሉ አምሮበታል። ብርድ ልብሱ ወርዶ ለድምፅ የተሠራ ስፖንጅ ተለጥፏል። ኮምፒዩተሩ ዘፈን ይመርጣል፣ ማስታወቂያ ያስገባል፣ ሰዓት ይናገራል፤ ተሳስቶም አያውቅም። በኢንተርኔት ስለምንተላለፍ አውስትራሊያ ያለ የልጅ ልጅ ሳይቀር ሊሰማን ይችላል። ባለፈው የብርድ ወራት ግን አንድ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ሲዘጋው፣ ጣቢያው ስለ ፀሐይና ስለ ባሕር ዳርቻ የሚያወሱ የበጋ ዘፈኖችን ሲያወርድልን አደረ። መንገዱ መዘጋቱን ያወቅነው በዋትሳፕ ነው።

ትልልቆቹ ጣቢያዎችም ከየአካባቢው እየራቁ ነው። ቢቢሲ በ2023 የእንግሊዝ የአካባቢ ጣቢያዎቹ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ብዙ ፕሮግራም እንዲጋሩ አድርጓል። ከንግድ ጣቢያዎቹም ብዙዎቹ የከተማቸውን ስም ጥለው አገር አቀፍ ስም ይዘዋል። በብሪታንያ ከ300 በላይ የሆኑት የማኅበረሰብ ጣቢያዎች ከመቼውም ይልቅ የሚፈለጉት እንግዲህ ዛሬ ነበር።

ፖስተኛው ጉልበታቸው ደክሞ ደረጃው አላስወጣ ሲላቸው፣ ሊቀ መንበሯ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ማክሰኞን የሚረከብ ሰው ጠየቁ። ተሰብሳቢው ተራ በተራ እየተነሣ የሬዲዮውን ውለታ ዘረዘረ፤ አንዱማ ስለ ድሮው ሲያወራ እንባ ተናነቀው። ስብሰባው በጭብጨባ ተዘጋ፤ ማክሰኞም ለኮምፒዩተሩ ተሰጠ። «ጣቢያው ይኑርልን» የሚል ሞልቷል፤ «ቁልፉን አምጡ» የሚል ነው የጠፋው።